ስልሳ ሦስት ካሬ ለጉልበቴ

ረቡዕ፣ ሰኔ 26 ቀን 2005

ይህ ደብተር የመሥሪያ ቤት አጀንዳ ነው። ከፊት በኩል የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስለያዘ ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ። መሐል ላይ ከተገናኙ ያን ጊዜ እናያለን።

ቁርጭምጭሚቴ ወለም ካለ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የቦንጋ ጭቃ ሰው አይመርጥም ይባላል። እኔን ግን መርጦ፣ ሰዓት ጠብቆ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዘረረኝ። ወጌሻው አሽተው አሥር ቀን እንዳልነሣ አዘዋል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ እኔ ከታች አቃስታለሁ።

አከራዬ እትዬ ላቀች ማቃሰቴ ሰልችቷቸው ዛሬ ጠዋት ጫፏ ቆልመም ያለች የኪሮሽ መርፌና አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ክር አልጋዬ ላይ ጣሉልኝ። አፍህ ከሚሠራ እጅህ ይሥራ አሉ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ባለ ዲግሪ፣ የዞን መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። ኪሮሽ የሴት ሥራ ነው። ላለማስቀየም ብዬ ብቻ ተቀበልኳቸው።

ዓርብ፣ ሰኔ 28

ላለማስቀየም ብዬ ብቻ ዛሬም ስሠራ ዋልኩ።

ሲያዩት ቀላል ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በቀለበቱ ዙሪያ ክሩ ሦስት ሦስት እየሆነ ይቆማል። ዙሩ ሲያልቅ ክሩ ተቆርጦ ሌላ ቀለም ይቀጠላል። አራት ዙር፣ አራት ቀለም፣ ከመዳፍ ሰፋ የሚል አራት ማዕዘን ይወጣል። እንደ ቦታ ምሪት «ካሬ» ብዬዋለሁ። ብዙ ካሬ ሲጋጠም ብርድ ልብስ ይሆናል።

ጣጣው ጥጉ ላይ ነው። ጥግ ላይ ሲደርሱ እዚያው አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሦስት፣ ደግሞ ሦስት ማድረግ ያስፈልጋል። እትዬ ላቀች አራቴ ነገሩኝ። እኔ ግን ጥግ ስደርስ አንዴ ሦስት ብዬ አልፋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ጥግ ያጣው ካሬ ጠርዙ ተነሥቶ ጎድጎድ አለና ቆብ ሆነ።

ከሰዓት የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ሊጠይቁኝ መጡ። ቆቡን አንሥተው አዩት፣ ጭንቅላታቸው ላይ ሞከሩት፣ ልክ ሆነ። እግዜር ይስጥልኝ ብለው አድርገውት ሄዱ። የካሬ ሙከራ ነው ለማለት ጊዜ አልሰጡኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

ከቢሮ ስልክ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ቀይ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ ቆብ አድርገው በር ላይ ቆመዋል። ከየት አመጡት ሲባሉ «ከዕቅድ ክፍል» ይላሉ። ሾፌሩም ይፈልጋል። ጉድ ፈላ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6

ዛሬ የእትዬ ላቀች የወንድማቸው ልጅ ብርቅዬ ከደካ መጣች። ደካ የጌሻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ብርቅዬ እዚያ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ነች። ክረምቱን አክስቷ ዘንድ ልታሳልፍ ነው። እኔ ምንም አልመሰለኝም። ቡናማ ሹራብ፣ ጥቁር ጫማ፣ ግራ ጉንጯ ላይ ትንሽ ምልክት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሌላ ያስተዋልኩት ነገር የለም።

ቆጮ በጎመን እየበላን የደካን ብርድ አወራች። ውርጩ ጣራ ያልፋል፤ ሁለት ጋቢ ደርባም እግሯ እስኪነጋ አይሞቅም አለች። ስታወራ እግሯን አየሁት። ማለቴ ካልሲዋን።

አንድ ነገር ወሰንኩ። ብርድ ልብስ እሠራለሁ። ለጉልበቴ። ዕድሜ እየገፋ ነው፤ ሠላሳ አራት ቀልድ አይደለም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሥራ ገባሁ። አነክሳለሁ። ሁለት ሰዎች ቆብ አዘዙኝ። ቆቡን መሥራቴን ካድኩ።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ትናንት ገበያ ወርጄ ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴዎች አምስት አሮጌ ሹራቦች መርጬ ገዛሁ። ነጋዴዋ ልጆችህ ስንት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ አምስት አልኳት። መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ማወቄ በኋላ እንዳይጎዳኝ እፈራለሁ።

ሹራቦቹን ስተረትር ዋልኩ። ከሹራብ የወጣ ክር ተጠምዝዞ የተቀቀለ ፓስታ ይመስላል፤ ታጥቦ ድንጋይ ታስሮበት ይሰቀላል። ብርቅዬ ሳትጠየቅ ድንጋይ ስታመጣልኝ ነበር። ለማን ነው አለችኝ። ለጉልበቴ አልኳት። ስንት ጉልበት አለህ ብላ አፏን ሸፈነች።

ዕቅዱን አወጣሁ። ቁመቱ ዘጠኝ፣ ወርዱ ሰባት፣ በድምሩ ስልሳ ሦስት ካሬ። የማጠናቀቂያ ጊዜ፦ ጳጉሜን፣ ብርቅዬ ወደ ደካ ከመመለሷ በፊት። የእሷ መመለስ ከጉልበቴ ጋር ምን እንዳገናኘው አሁን ሳነበው ገረመኝ። ይሰረዝ። አይ፣ ይቆይ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22

አንድ አስደናቂ ነገር ደርሼበታለሁ። ማታ ሠርቼ የማስቀምጣቸው ካሬዎች ጠማማ ናቸው፤ ጥጋቸው ይሸሻል። ጠዋት ቅርጫት ውስጥ ትቻቸው ቢሮ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ ቀጥ ብለው፣ አራት ጥግ አውጥተው አገኛቸዋለሁ። ክር ሲያርፍ ይረጋል ማለት ነው። እትዬ ላቀችን ብጠይቃቸው ጣራውን እያዩ «አዎ፣ ሲያርፍ ይረጋል» አሉ። ሃያ ሁለት ካሬ ሞላሁ። እጄ የተባረከ ነው።

ብርቅዬ በቀን ምን ስትሠራ እንደምትውል አላውቅም። ሹራቧ ላይ ወይን ጠጅ ብናኝ አየሁ። የጎረቤት ዶሮ ላባ ይሆናል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 26

እጄን በቆረጠው።

ዓርብ ዓርብ የአንድ ለአምስት ውይይት አለብን። አለቃዬ አቶ ገሠሠ ስለ ልማት ሠራዊት እየተናገሩ ነው። እኔ ጣቴን ከጠረጴዛው ሥር እያጠፍኩ የጠዋቱን ካሬ ክር እቆጥራለሁ። ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት። ቦርሳዬ ወደቀ። ከውስጡ ወይን ጠጅ የክር ኳስ ወጥቶ ተንከባለለ። በሰው ሁሉ ፊት፣ በዝግታ፣ ምንም ሳያፍር፣ አቶ ገሠሠ ጫማ ሥር ሄዶ ቆመ።

አቶ ገሠሠ አነሡት። ምንድን ነው አሉ። ለጉልበቴ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ለሴቶች የገቢ ማስገኛ የሚሆን ናሙና ነው አልኩ፤ የሠፈር ሴቶችን ከሥራ ሰዓት ውጭ በኪሮሽ እያደራጀሁ ነው አልኩ። ስንት ሴቶች ናቸው አሉኝ። ልቤ ክሩ ላይ ስለነበረ ሠላሳ ስምንት አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አቶ ገሠሠ ተነሥተው ጨበጡኝ፤ በሐምሌ ወር ሪፖርት ይግባ አሉ። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጻፍኩት። በምርጥ ተሞክሮነት ሣጥን ውስጥ፣ በደማቅ ፊደል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 27

ሠላሳ ስምንት። ለምን ሦስት አላልኩም? ሦስት ሴት የትም ይገኛል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ከክልል ደብዳቤ መጣ። «በኪሮሽ የተደራጁ 38 ሴቶችን ለልምድ ልውውጥ ለመጎብኘት» ይላል። ጳጉሜን 4 ቀን። ካሜራ ይመጣል። አቶ ገሠሠ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። እኔ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ቆየሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 12

ለእትዬ ላቀች ሁሉንም ተናዘዝኩ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ተቆጡ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቁ። የዕድራቸውን ሴቶች እንደሚያመጡልኝ ቃል ገቡ። አንድ ነገር ብቻ አሉ፦

«ሴቶቹን እኔ አመጣለሁ። ውሸቱን አንተ ተሸከም። ውሸት በዕድር አይሸከሙትም።»

ብርቅዬ ጥግ ላይ ሆና ክር እየጠቀለለች ሰማች። አልሳቀችም። ይሄን ያህል ሰው ከምታስቸግር ለማን እንደሆነ ብትናገር አይቀልም ወይ አለችኝ። ለጉልበቴ መሆኑን ደግሜ አስረዳኋት። ክሩን አስቀምጣ ወጣች። ምን እንዳስከፋት አልገባኝም። እትዬ ላቀች እያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ፈሪ ነህ፣ ፈሪ ነህ እያልኩ ራሴን ስሰድብ አደርኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 20

የዕድሩ ሴቶች እየሠለጠኑ ነው። አሠልጣኟ ብርቅዬ ናት። ከሠላሳ ስምንቱ ኪሮሽ የሚያውቁት አሥራ አንድ ናቸው፤ የቀሩት ክር ይዘው እንዲቀመጡ ተነግሯቸዋል። አንዷ ጎልማሳ ሴትዮ ክር መያዝ ብቻውን ያሰለቻል ብለው የራሳቸውን ጥጥ ይዘው መጡ።

በመስኮት ሳልፍ እትዬ ላቀች በስልክ ለሰው ሲያወሩ ሰማሁ፦ ልጁ መልካም ነው፣ ግን ዓይን አፋር፤ ልጅቷም እስኪናገር ትጠብቃለች፤ ክረምቱ ሊያልቅ ነው አሉ። የጎረቤቱን የአብዱን ነገር ይመስለኛል። ምስኪን አብዱ። ቢናገር ምን አለበት?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 28

ሃምሳ ስምንት ካሬ። ጥቁር ክር አለቀ። ሺሺንዳ ገበያ ድረስ ሄጄ አመጣሁ። በሚኒባስ፣ ከሁለት በግ ጋር።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 2

አለቀ። ስልሳ ሦስቱንም በጥቁር ጠርዝ አጋጠምኳቸው። አልጋዬ ላይ ዘርግቼ በሩን ዘጋሁና ብቻዬን ቆሜ አየሁት። ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ የሣር አረንጓዴ። እኔ በዕድሜዬ ከሪፖርት በቀር ጨርሼ ያወጣሁት ነገር አልነበረም። ዕንባዬ መጣ።

እሺ። ለጉልበቴ አይደለም።

ነገ እሰጣታለሁ። ነገ ሰው ይበዛል። ሰኞ፣ ጉብኝቱ ሲያልቅ እሰጣታለሁ። የሚባለውን ነገር በወረቀት ላይ ጽፌ ስድስት ጊዜ ቀደድኩት፤ በሰባተኛው ላይ «መግቢያ» የሚል ንዑስ ርዕስ እንዳለው አስተዋልኩ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 4

እንዳይረሳኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እንግዶቹን የሚያስቀምጥ ቦታ ስላልነበረ እትዬ ላቀች የዕድሩን ድንኳን ግቢያቸው ውስጥ አስተከሉ። የሁላችንም አእምሮ የት ሄዶ እንደነበር አላውቅም። የዕድር ድንኳን ግቢ ውስጥ ከተተከለ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ምን ያስባል? ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባ ጀመር። ማን ናቸው ይላሉ በሹክሹክታ፤ መልስ ሳይጠብቁ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። የዕድሩ ሴቶች እንግዳ ስለሚጠብቁ ዝም ብለዋል፤ ዝምታው ኀዘን መሰለ። ኋላ ረድፍ ላይ አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ። አቶ ገሠሠ ሴቶቹን ሲቆጥሩ ሃምሳ አንድ ሆኑላቸው። የዕቅዱን መቶ ሠላሳ አራት በመቶ ብለው ጆሮዬ ውስጥ ነገሩኝ።

የክልሏ እንግዳ ወይዘሮ ህይወት ገቡ። ሁሉም ተነሣ። አሮጊቷ እጃቸውን ይዘው «እግዜር ያጽናሽ» አሏቸው። ወይዘሮ ህይወት በጣም ተነኩ፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬ የአሮጊቷን ዕንባ እንዲያነሣ ምልክት ሰጡት።

ከዚያ ሥራው ይታይ ተባለ። አቶ ገሠሠ አሠልጣኙ እሱ ነው ብለው ወደ ፊት ገፉኝ። መርፌ ያዝኩ። ቀለበቱ ወጣ፣ አንደኛው ዙር ወጣ። ጥግ ደረስኩ። ካሜራው ተጠግቷል። እጄ እንደ ልማዱ አንዴ ሦስት ብሎ አለፈ፤ ካሬው በሰው ሁሉ ፊት ወደ ቆብነት ማዘንበል ጀመረ። ብርቅዬ ከጎኔ መጣች። ከእጄ ወሰደችው፣ ተረተረችው፣ ጥጉን አወጣችው፣ መለሰችልኝ። ጣቶቿ የለመዱት ሥራ ነበር። ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ስልሳ ሦስቱንም እንዲህ ነው ያደረግሁት» አለችኝ።

ክር ሲያርፍ አይረጋም። ጆሮዬ ጋለ። ክረምቱን በሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ስለ ራሴ እጅ ስኮራ፣ ይቺ ልጅ ቤት ተቀምጣ ጥፋቴን ስትፈታ ኖራለች። አንዴም ሳትነግረኝ።

አቶ ገሠሠ የመዝጊያ ንግግር አደረጉ። ለእንግዳ ስጦታ ማልበስ ደንብ ነው፤ እኔ ጋቢ የገዙ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ ወደ ክፍሌ ገብተው ብርድ ልብሴን ይዘው ብቅ አሉ። «የሠላሳ ስምንቱ እናቶች የእጅ ሥራ» አሉና ወይዘሮ ህይወት ትከሻ ላይ ሊጥሉት ዘረጉት።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሌላኛውን ጫፍ ይዣለሁ። አቶ ገሠሠ ፈገግ እያሉ ሳቡ፣ እኔም ፈገግ እያልኩ ሳብኩ። ካሜራው ይቀርጻል። በሥራ ዘመኔ አለቃ የያዘውን ነገር ስቤ አላውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማኅበር የሚባል የለም» አልኩ። «ይሄ የብርቅዬ ነው። ለእሷ ነው የሠራሁት፤ ደካ ስለሚበርዳት። ስለምወዳትም።»

የዕድሩ ሴቶች እልል አሉ። ለቅሶ የመጡትም እልል አሉ፤ ሰው እልል ካለ አብሮ ማለት ነው። አሮጊቷ ብቻ ታዲያ የሞተ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ህይወት ጥርሳቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙና ብርድ ልብሱን ለባለቤቱ ስጡ አሉ። ሰጠኋት። ብርቅዬ ፊቷን ቀበረችበትና ወደ ውስጥ ገባች። እስካሁን አልወጣችም። አቶ ገሠሠም እስካሁን አላናገሩኝም።

ዓርብ፣ መስከረም 3 ቀን 2006

ብርቅዬ ዛሬ ሄደች። ሻንጣዋን መናኸሪያ ድረስ ተሸከምኩላት። ብርድ ልብሱን በነጠላ ጠቅልላ ራሷ ያዘችው። መኪናው እስኪሞላ ጭቃው ላይ ቆመን ሳለ ነገረችኝ፦

«ብርድ ልብሱን ወድጄዋለሁ። አንተንም፣ ከተናገርክ አይቀር፣ ወድጄሃለሁ። ግን አባቴ ቦንጋ፣ እናቴ ደካ ሆነው ነው ያሳደጉኝ። በወር አንዴ ጭቃ ሆኖ የሚመጣ ባል አልፈልግም። እኔ የማስተምራቸውን ልጆች ትቼ አልመጣም።»

ዝውውር እጠይቃለሁ ልላት አፌ ድረስ መጣ። ግን የዝውውሩን ሠንጠረዥ የምሠራው እኔ ነኝ። ወረፋው ሦስት ዓመት ነው፤ አልዋሸኋትም። በዚህ ክረምት የዋሸሁት ይበቃል። መኪናው ሄደ። ቤት ስመለስ ቅርጫቱ ባዶ ነው። እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ መስከረም 9

ዛሬ ተገመገምኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጥፋቶቼ፦ የሌለ ማኅበር ሪፖርት ማድረግ፤ ስጦታ ከእንግዳ ትከሻ ላይ መንጠቅ፤ በስብሰባ ላይ ጣት መቁጠር፤ የዘበኛ ዲሲፕሊን የሚያላላ ቆብ ማሠራጨት። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የመጨረሻውን ተቃወሙ፤ ቆቡን ግን አላወለቁም። ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ፤ ሁሉንም አመንኩ፤ እውነት ስለነበረ አልከበደኝም።

ውሳኔው ተነበበ። ለእርምት እንዲሆን፣ ከሰኞ ጀምሮ፣ ወደ ሩቅ ወረዳ ተመድቤ እንድሠራ። ወደ ጌሻ። ደካ።

ጫማዬን አየሁ። ፊቴ ከቁጥጥሬ እንዳይወጣ የዘጠኝ ወሩን ሪፖርት ከመጀመሪያው ገጽ አሰብኩ። አስተያየት አለህ ሲሉኝ በጸጋ ተቀብያለሁ አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ አንዳንዶቹ አዘኑልኝ።

ጣጣው ከስብሰባው በኋላ መጣ። አቶ ገሠሠ ክፉ ሰው አይደሉም። በረንዳ ላይ ይዘውኝ፣ ቅጣቱ እንደከበደ፣ አንድ ቃል ቢናገሩ ወደ ሺሺንዳ እንደሚለወጥልኝ፣ እዚያ ብርድ እንደሌለ፣ መኪናም በየሰዓቱ እንደሚገኝ ነገሩኝ። ስልካቸውን አወጡ። እጃቸውን ያዝኩ።

«አቶ ገሠሠ፣ የእኔ ጥፋት በሺሺንዳ አይስተካከልም» አልኳቸው። «ደካ ነው የሚገባኝ። ያውም ለረጅም ጊዜ።»

ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ግለ ሂስ ሰምቼ አላውቅም ብለው ጨበጡኝ። እትዬ ላቀች ሲሰሙ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አሉና ለመንገድ የሚሆነኝን ቆጮ ሊያዘጋጁ ገቡ።

ለብርቅዬ ደወልኩ። ተቀጣሁ አልኳት። ደነገጠች፤ ወዴት ላኩህ አለችኝ። ነገርኳት። ድምፅ ጠፋ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል፣ ለካ እየሳቀች ኖሯል።